የይሉኝታ ጺም

ቋሪት ገበዝ ማርያም የሚኖሩትን አጎቴን የገደልኳቸው በይሉኝታ ነው። በመካከላችን የመሬትም የከብትም ጠብ አልነበረም። ከእናቴ ወንድሞች ሁሉ አብልጬ የምወዳቸው እሳቸውን ነበር፤ ለሠርጌ አንድ ትልቅ ቅል ማር ተሸክመው፣ ጅጋ አድረው፣ በማግሥቱ ፍኖተ ሰላም በእግራቸው የገቡልኝ ሰው ናቸው። ገዳይም እኔ ብቻ አልነበርኩም። በዚያ ዓመት የከተማችን ወንድ ግማሹ ዘመዱን ፈጅቷል። ጎረቤቴ ባለወፍጮው የሚስቱን አያት ገደለ፤ ሴትዮዋ ካረፉ ዐሥር ዓመት አልፏቸው ስለነበር እሱ ያደረገው ዳግመኛ መግደል ነው። ኋላ ብንቆጥር ሟቾቹ ዐሥራ አንድ ሆኑ።

ይህ ሁሉ የመጣው በአማቴ እጅ ምክንያት ነው።

አማቴ፣ የሚስቴ አባት፣ ፀጉር ቆራጭ ነበሩ። ቤታቸው ከአውራ ጎዳናው ዳር ነው፤ አንድ ወንበር፣ አንድ መስታወት፣ ግድግዳውን ተጠግቶ የቆመ አንድ ረጅም አግዳሚ። ከጣልያን ጊዜ የተረፈ ታጣፊ ምላጭ ነበራቸው። እሱን በጠፍር ላይ ሽው ሽው አድርገው ሲያሾሉት የሰማ ሰው፣ ሳያስበው አገጩን ቀና ያደርጋል። አርባ ዓመት ሙሉ የከተማውን ወንድ ጉሮሮ በዚያ ምላጭ ሲዳስሱ ኖረዋል። ሲላጩ አያወሩም። «ጉሮሮ ይዤ ወሬ አላወራም» ይላሉ። እኔ በከተማው ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበርኩ፤ ልጃቸውን ከማግባቴ በፊትም ካገባሁም በኋላ ጺሜን በየሳምንቱ የማስረክበው ለእሳቸው ነው።

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ያየነው ብሩሹን ሲይዙ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ለአረፋው ጠቀመው። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ወፍራም አረፋ አይቼ አላውቅም። ችግሩ ከብሩሹ በኋላ ምላጩ መከተሉ ነው። አንድ ቅዳሜ ከጆሮዬ ሥር ቀድ አደረጉኝ። ምላጩን ወደ ብርሃን አነሡና አዩት።

«ደንዝዟል» አሉ።

«እውነትም ደንዝዟል» አለ አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ በአንድ አፍ።

በሳምንቱ አገጬን ሲቆርጡ ጥፋቱ የቀበሌው ሱቅ ሳሙና ሆነ፤ አሸዋ አለበት ተባለ። እሱንም አመንን። በሦስተኛው ሳምንት ጉንጬን ቀደዱና፣ «የአንቱ ቆዳ ሳስቷል፤ ልጄ ለመሆኑ ምን እያበላችዎ ነው?» አሉኝ። ይህን ለሚስቴ ሄጄ መንገሬ ሞኝነት ነበር፤ ለአራት ቀን አኮረፈችኝ።

ደሙን የምናቆመው በጋዜጣ ቁራጭ ነው። ቀደድ ታደርጋለህ፣ በምራቅህ ታርሳለህ፣ ትለጥፋለህ። የከተማው ወንድ ሁሉ ፊቱ ላይ ዜና ለጥፎ ይዞር ጀመር። ሰኞ ጧት ክፍል ገብቼ ጥቁር ሰሌዳው ጋ ስቆም፣ ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ ጎበዝ ተማሪዬ ጉንጬን ትኩር ብላ አየችና ጮክ ብላ «ይውደም!» ብላ አነበበች። በዚያ ዘመን ይህን ቃል ሰምቶ ዝም የሚል አልነበረም፤ ሃምሳ ስድስቱም ተማሪ ተነሥቶ ግራ እጁን ጨብጦ «ይውደም!» አለ። ምን እንደሚወድም ጋዜጣው ላይ አልነበረም፤ ቁራጩ ትንሽ ነበር። እኔም እጄን አነሣሁ፤ ምን ላድርግ።

ታዲያ ለምን አልነገራችኋቸውም የሚል ሰው የእኛን አገር አያውቅም ማለት ነው። ትልቅ ሰው ፊት ቆሞ «እጅዎ ይንቀጠቀጣል» ማለት ሱሪውን ከማስወለቅ አይለይም። ዙሪያውን ሞክረናል። ጤና ጣቢያ ቁስል የሚያሽገው ድሬሰር አንድ ቀን «የዘንድሮ ብርድ ጣት ያደነዝዛል» ብሎ ጀመረ፤ አማቴ «የዛሬ ወጣት ምን ነካው፣ እኔስ አልበረደኝም» ብለው ዘጉት። አውቶቡስ መቆሚያው ጋ ያለው ሌላ ፀጉር ቆራጭ ዘንድ እንዳንሄድ በራቸው ላይ ሆነው ቁልጭ አድርገው ያዩናል። ለሌላው ነውር ነው፤ ለእኔ ለአማቹማ ከትዳር መውጣት ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ሚስቴ ያለችኝ ነገር አለ። እናቷ ከሞቱ ወዲህ አባቷ ያላቸው ያ ወንበር ብቻ ነው። «ከዚያ ወንበር አሳፍራችሁ ካራቃችኋቸው ወር አይቆዩልኝም» አለችኝ፣ እንባዋ ዓይኗ ላይ ቆሞ። እኔም ይህን አምን ነበር። እሳቸውን በቃዎት ብሎ ቤት ማስቀመጥ፣ በቁማቸው መቅበር ነው። ስለዚህ ፊታችንን እየሰጠን ዝም አልን።

መውጫውን ያገኘልን ድሬሰሩ ነው፤ እሱም አስቦበት አልነበረም። ኅዳር ውስጥ አክስቱ የምራቸውን ሞቱ። ዘመድ የሞተበት ሰው በእኛ ዘንድ እስከ አርባው ቀን ድረስ ጺሙን አይነካም። ፀጉር ቤት ቢሄድ እንኳ ተቆጥተው ይመልሱታል። ሲያበቃም በገዛ እጁ አያነሣውም፤ ዘመድ ተሰብስቦ «ይበቃሃል» ብሎ ለምኖ ያስላጨዋል። ድሬሰሩ እያዘነ ጺሙን አሳደገ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ጉንጩ ዳነ፣ እንቅልፍ ተኛ፣ ወዙ ተመለሰ። አግዳሚው ላይ የተቀመጥነው ይህን ልብ ብለን አየን። በሳምንቱ የባለወፍጮው ሚስት አያት ሞቱ። ከዚያ የአንዱ የአጎት ልጅ፣ ከዚያ የሌላው የክርስትና እናት፤ ሞት ገባ በከተማው ወንድ ላይ።

የእኔ ተራ የደረሰው ወንበሩ ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ፎጣው አንገቴ ላይ ታስሯል። አማቴ ምላጩን አነሡ፤ በመስታወቱ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ አየሁት፤ አፌ ከእኔ ቀደመ።

«አይ፣ አባቴ፣ ለካ አልነገርኩዎትም። የቋሪቱ አጎቴ ዐርፈዋል።»

ምላጩን አጥፈው አስቀመጡ። ከነአረፋዬ አቅፈው አለቀሱልኝ። «ይህን ይዘው ነው ጺም ሊላጩ የመጡት? የሐዘን ብዛት ሰውን እንዲህ ያደርጋል» አሉኝ። እኔም አለቀስኩ፤ ግማሹ ከእፍረት ነው፣ ግማሹ ጉንጬ በመትረፉ ነው።

ሚስቴ ከእሷ ሰምቼ የማላውቀውን ስድብ አወረደችብኝ። «ደግሞ እኒያን ደግ ሰው! ሌላ ዘመድ አጥተህ?» አለች። ጎረቤት ግን ወሬውን ሰምቶ ኖሮ መጣ፤ ንፍሮ ተቀቀለ፣ ቤቱ ሞላ። ለሦስት ቀን ተቀመጥኩ። ሁልጊዜ ቀድመው የሚደርሱት አማቴ ናቸው፤ ጋቢያቸውን አጣፍተው ከአጠገቤ ይቀመጡና «ለመሆኑ ምን ነበር ሕመማቸው?» ይሉኛል። «ሆዳቸውን» እላለሁ። በነጋታው «ሆዳቸውን የት በኩል?» ይላሉ።

ሦስተኛው ቀን የገበያ ቀን ነበር፤ አጎቴ መጡ።

ልቅሶ ቤት የደረሰ ሰው መጀመሪያ ያለቅሳል፤ የሞተውን ኋላ ይጠይቃል። አጎቴ የዘመድ ደጅ በሰው ተሞልቶ ሲያዩ የያዙትን ቅል ማር ከደጅ አስቀምጠው፣ ደረታቸውን እየመቱ ገቡ። እንደዚያ ያለ ልቅሶ በዚያ ሦስት ቀን አልተለቀሰም። የቀዘቀዘው ልቅሶ ተቀሰቀሰ፤ አዲስ እንባ ወጣ። አለቀሱና ተቀመጡ፣ ንፍሮ ተሰጣቸው፣ ሁለት ጊዜ ቆነጠሩ። ከዚያ ወደ ባለወፍጮው ጆሮ ዘንበል ብለው፣ «የሞተው ማን ነው?» አሉት።

«የመምህሩ አጎት፣ የቋሪቱ።»

«እንዴት ያለ ሰው ነበሩ?»

«እኔ አላውቃቸውም። ደግ ሰው ነበሩ ይላሉ።»

አጎቴ ማኘካቸውን አቆሙና አዩኝ። ተነሥቼ እጃቸውን ይዤ ወደ ጓሮ ወሰድኳቸው።

«ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የቋሪቱ አጎትህ እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«አንቱ ነዎት።»

«እንግዲያው ሞቻለሁ።»

እግራቸው ላይ ወድቄ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የአማቴን እጅ፣ ምላጩን፣ ጋዜጣውን። አጥሩን ተደግፈው ሰሙኝ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ለትልቅ ሰው ክብር ከሆነ ደግ አድርገሃል» አሉኝ። «እስከ መቼ ነው?»

«እስከ አርባዎ።»

«ጠላ ይጠመቃል?»

«ይጠመቃል።»

«መምጣት አልችልም እንጂ» አሉ፣ ከልብ አዝነው። ወደ ጓሮ በሩ ዞር አሉና፣ «ሰው በደንብ አለቀሰልኝ?»

«አማቴ በጣም አለቀሱልዎት።»

«እግዜር ይስጣቸው» ብለው በጓሮ በር ወጥተው ሄዱ። እስከ አርባቸው ድረስ ፍኖተ ሰላም ገበያ እንደማይደርሱም ማሉልኝ። ማሩን ለልቅሶው ተዉት።

ስመለስ አማቴ ብርጭቋቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ከአጎቴ ጋር ሠርጌ ላይ አንድ ቀን ተያይተዋል፤ አራት ዓመት አልፎታል፣ ይረሳሉ ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

«እንግዳው ሄዱ?» አሉኝ።

«መንገድ ስለሚርቃቸው ነው።»

«ጥሩ አልቃሽ ናቸው» አሉና ወደ ብርጭቋቸው አዩ።

ታኅሣሥ ሲጋመስ ከተማው አዲስ ካድሬ ተሾመለት። ከሌላ አገር የመጣ፣ ሲናገር ጣቱን የሚያነሣ፣ ያለ ስብሰባ የማይውል ሰው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት በቀበሌው አዳራሽ ሰበሰበን።

«ጓዶች» አለ፣ «በዚህ ከተማ ጺም በዝቷል። ስጠይቅ ሐዘን ነው ይሉኛል። የቤተ ክርስቲያኑን መቃብር ቆፋሪ ጠየቅሁት፤ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ታዲያ የት ነው የሚሞቱት?»

ባለወፍጮው ጺሙን በነጠላው ሸፈነ።

«የሽፍታ መልክ ይዛችሁ የመሠረተ ትምህርት ምርቃት ላይ አትቆሙም። ከደብረ ማርቆስ እንግዶች ይመጣሉ። በዋዜማው ሐዘንተኛ የተባለ ሁሉ በዚያ የሰፊው ሕዝብ ልጅ በሆኑት ሽማግሌ ፀጉር ቆራጭ ዘንድ ተሰልፎ ይላጫል። ለምሳሌ እንዲሆን መጀመሪያ ወንበሩ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ።»

አዳራሹ ውስጥ የነበርን ዐሥራ ሁለት ጺማሞች ተያየን። ሰውዬው እስከዚያ ቀን ድረስ በራሱ ጊዜ ወደ ደብረ ማርቆስ እየሄደ ነበር የሚላጨው፤ የአማቴን እጅ አያውቅም። ከእሱ በፊት የነበረው ካድሬ ሰልፍ ላይ እግሩን የረገጠውን ሰው ሁለት ሳምንት አሳስሮታል። እግር ሁለት ሳምንት ካሳሰረ ጉሮሮ ስንት እንደሚያሳስር ለማወቅ የሒሳብ መምህር መሆን አያስፈልግም። አማቴ የዚያን ሰው አንገት ከቆረጡ ነገሩ ሴራ ይባላል፤ ይወስዷቸዋል፣ በዚያ ዘመን ደግሞ የተወሰደ ሁሉ አይመለስም።

ሚስቴ ይህን ስትሰማ አልጮኸችም። «ዛሬ ሄደህ ንገራቸው» አለችኝ፣ በቀስታ። ያ ከጩኸት ይብሳል።

ሄድኩ። አጠገባቸው ተቀምጬ ስለ አየሩ ጀመርኩ፤ ከአየሩ ወደ እርሻ አመራሁ፤ ከእርሻው ወደ አንድ በሬ ደረስኩ። ብዙ ዘመን ያረሰ፣ ሰው ሁሉ የሚያከብረው፣ አሁን ግን ቢያርፍ ማንም የማይቀየመው በሬ።

«የማን በሬ?» አሉኝ።

«እንዲያው በሬ ነው።»

«ካረጀማ ይታረዳል» አሉኝ። ተሰናብቼ ወጣሁ።

በማግሥቱ ቅዳሜ በጭነት መኪና ቡሬ ወረድኩ። አንድ የእርሻ ባለሙያ አንድ ጊዜ እንግዳ ማረፊያ ውስጥ ባለ እጀታ መላጫ ሲላጭ አይቼ ነበር፤ ምላጩ በሁለት ብረት መካከል ተደብቆ ጫፉ ብቻ የሚታይ። ያ መላጫ የሚንቀጠቀጥ እጅ እንኳ ቢይዘው ጉሮሮ አይቆርጥም ብዬ አሰብኩ። ቡሬ ውስጥ አንድ ባለሱቅ ዘንድ አገኘሁት። ሰውዬው ከሌላ ገዢ ጋር በአገውኛ ሲከራከር ቆይቶ ወደ እኔ ዞረና መላጫውን እጄ ላይ አስቀመጠ። ከበድ ይላል፤ እጀታውን ሲያዞሩት ራሱ ይከፈታል። «ይሄ ሰው መቁረጥ አያውቅም» አለኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ይዤ ተመለስኩ።

ለአማቴ ከመስጠቴ በፊት ልሞክረው ይገባል። ጺሜን እንዳልነካ ሐዘን ላይ ነኝ። ስለዚህ ሱሪዬን ሰብስቤ፣ ሳሙና ቀብቼ፣ ቅልጥሜን ላጨሁ። አንድ ጠብታ ደም አልወጣም። በማግሥቱም ላጨሁ፤ አሁንም ምንም። በሦስተኛው ቀን ደስታዬ ልክ አጣ፤ ሚስቴን ጠርቼ «እይው፣ ጭረት እንኳ የለውም!» አልኳት።

ጎንበስ ብላ አየች። «ፀጉሩስ?»

ፀጉሩ እንዳለ ነበር። መላጫውን ከእጄ ወስዳ አዞረችና ከፈተችው፤ ውስጡ ባዶ ነው። ምላጭ ለብቻው እንደሚሸጥ የቡሬው ሰው አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ሦስት ቀን ሙሉ ቅልጥሜን አረፋ እየቀባሁ ስጠርግ ነበር የከረምኩት።

ምላጩን ድሬሰሩ ሰጠኝ። ምላጭ ሲገባበት ነገሩ ሌላ ሆነ፤ በመጀመሪያው ጊዜ ተጭኜው ቁርጭምጭሚቴን ነካኝ። ከዚያ ተማርኩ። መጫን የለም፣ በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ ትንሽ አዘንብሎ፣ አጭር አጭር እያደረጉ፣ ቆዳውን በሌላው እጅ ወጠር አድርጎ። ሲገባኝ እጄን እንደ አማቴ እያንቀጠቀጥኩ ሞከርኩት። የተከበርኩ አስተማሪ፣ አንድ እግሬን ባልዲ ላይ ሰቅዬ፣ እጄን ሆን ብዬ እያንዘፈዘፍኩ ቅልጥሜን ስላጭ ሚስቴ አይታ መሬት እስክትቀመጥ ሳቀች። ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ያዘች። ሳያት እያለቀሰች ነው። «ልክ እንደሳቸው ነው የምታደርገው» አለችኝ። ደም ግን አልወጣም።

መላጫውን ለአማቴ ወሰድኩላቸው። ስጦታ ነው አልኩ፣ ሌላ አንድም ቃል አልጨመርኩም። ገልብጠው አዩት፣ ከፍተው ዘጉት። «ይሄ የፈሪ ምላጭ ነው» ብለው ከማበጠሪያው አጠገብ መደርደሪያው ላይ አኖሩት።

ዋዜማው ደረሰ። ከቀትር በፊት ዐሥራ ሁለታችንም በአግዳሚውና በግድግዳው ሥር ተደርድረናል፤ አጎቴ ገና ሠላሳ ቀናቸው ነበር፤ ድሬሰሩም የአክስቱ አርባ ቢያልፍ እንኳ «ይበቃሃል» ብሎ የሚያስላጨው ዘመድ ገና አልመጣለትም። ካድሬው ገባ፣ ሽጉጡን ፈትቶ መስታወቱ ሥር አስቀመጠ፣ ወንበሩ ላይ ተዘረጋ። አማቴ ፎጣውን አሰሩለት። ብሩሹን ያዙ፤ እጃቸው ሥራውን ሠራና ያ ወፍራም አረፋ ተነሣ። ካድሬው ዓይኑን ጨፍኖ፣ «እንዲህ ያለ አረፋ ደብረ ማርቆስም የለ» አለ።

አማቴ ታጣፊውን ምላጭ ከፈቱ። ጠፍሩ ላይ ሽው ሽው አደረጉት።

ተነሣሁ። «ጓድ» አልኩ፣ «አሁን ሳይንሳዊ የሆነ፣ ዘመናዊ መላጫ መጥቷል፤ እዚህ መደርደሪያው ላይ አለ፤ ከምርቃቱ መንፈስ ጋር...»

«እኔ የምፈልገው የሕዝቡን ምላጭ ነው» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ይቀጥሉ፣ አባት።»

አማቴ እንዳልሰሙ ሆኑ። በግራ እጃቸው አገጩን ቀና አደረጉ። ምላጩ ወደ ጉሮሮው ወረደ፤ ሲወርድ በመስኮቱ ብርሃን እንደ ዓሣ ይገላበጥ ነበር። ባለወፍጮው ፊቱን አዞረ። ድሬሰሩ ቦርሳውን ከፈተ። እኔ በሬውን አሰብኩ፣ ሚስቴን አሰብኩ፣ ከዚያ ምንም ሳላስብ ጮህኩ።

«አባቴ፣ እጅዎ ይንቀጠቀጣል!»

ዐሥራ አንዱ ሰው ወለሉን ያይ ነበር። ካድሬው አንድ ዓይኑን ገለጠ። አማቴ ምላጩን ከሰውዬው አንገት አንድ ስንዝር አርቀው ያዙና፣ እጃቸውን እንደ ሰው ዕቃ ተመለከቱት። እኔ ገደልኳቸው ብዬ ነበር። ከዐሥራ አንዱ ሟች ይልቅ በእውነት የተገደሉት እሳቸው ናቸው ብዬ ልቤ ተሰበረ።

ምላጩን አጠፉ። ወደ መደርደሪያው ሄደው የፈሪውን መላጫ አነሡ፤ እንዴት እንደሚያዝ ማንም አልነገራቸውም፣ ግን በሁለት ጣት ለቀቅ አድርገው ያዙት። ከጆሮው ሥር ጀመሩ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ መላጫው እየተንቀጠቀጠ ይወርዳል፣ አረፋው ይጠረጋል፣ ከሥሩ ንጹሕ ቆዳ ይወጣል። ጉሮሮውንም እንዲሁ አለፉት። ካድሬው ተነሥቶ ጉንጩን ዳሰሰ፣ በመስታወቱ አየ፣ ደም ፈለገ፤ የለም። «እርጅና ያለ ነው፣ ሥራው ግን ጥሩ ነው» ብሎ ሽጉጡን ታጥቆ ወጣ።

አማቴ በሩን ዘጉት። ወደ እኛ ዞሩ።

«አርባ ዓመት በዚህ ምላጭ ስሠራ አንድ ሰው አልገደልኩም» አሉ። «እናንተ አንዲት ቃል ላለመናገር በሁለት ወር ዐሥራ አንድ ነፍስ ገደላችሁ።»

«እኔም አልሻላችሁም» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ማወቄን ብነግራችሁ ታፍራላችሁ ብዬ፣ በየቤታችሁ እየዞርኩ በቁሙ ላለ ሰው አለቀስኩ። የቋሪቱን ሰውዬማ ከአጠገቤ ተቀምጠው ንፍሮ አቀበልኳቸው።» ፎጣውን አራገፉ። «አሁን ተራ በተራ ኑ። ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ሁሉ መጀመሪያ ይንገረኝ። ያልነገረኝን አልላጭም።»

ድሬሰሩ ቀደመ። ተቀምጦ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ «እጅዎ ይንቀጠቀጣል» አለ፣ በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ» አሉ፣ ላጩት።

ሁለተኛው ተቀመጠ፣ ተናገረ። «አውቃለሁ።» ሦስተኛውም፣ አራተኛውም። እያንዳንዱ ሲናገር ፊቱ ይቀላል፤ ከዚያ ጺሙ ይወርዳል። ባለወፍጮው ተቀምጦ ረጅም ጊዜ አፉን ከፍቶ ቆየና፣ «ዛሬ ብርድ ነው» አለ። አማቴ ፎጣውን ፈቱበት። ሄዶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፣ እንደገና ተሰለፈ፣ በሁለተኛው ጊዜ እያለቀሰ ነገራቸው። «አውቃለሁ፣ ልጄ» አሉት፣ አገጩን በፎጣው ጠርገው።

መጨረሻ የቀረሁት እኔ ነኝ። ተቀመጥኩ። ልናገር ስል፣ «አንቱስ ብለውታል» አሉኝ።

ግራ እጃቸውን ግንባሬ ላይ አኖሩ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ዓይኔን ጨፈንኩ።